ጠቋሚዋ መሃል ላይ ነበረች

(በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ በማኅበራችን የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። አሮጌ የካምፒንግ ቫን ላይ አዲስ ሞተር ስለመግጠም እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። በአንድ ቀን ታሪክ ልጀምር።

ሐምሌ ነበር። ከዴንቨር ወደ ተራራው በአይ-70 አውራ ጎዳና እየወጣን ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ናት። ሁለቱ ልጆች ኋላ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። ቫኗ የ1985 ቮልስዋገን ቫናገን ናት፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ጣሪያዋ ወደ ላይ የሚከፈት፣ አልጋ፣ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ ያላት፣ ዌስትፋሊያ የምትባለው ዓይነት። ከሦስት ሳምንት በፊት የድሮ ሞተሯን አውርጄ የሱባሩ ሞተር ገጥሜላታለሁ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ድሮ ያንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፈን ነበር የምንወጣው። ያን ቀን ግን በሦስተኛ ማርሽ እየቀደምን ወጣን። ሞተሩ አልተንገዳገደም። የሙቀት ጌጁ ጠቋሚም መሃል ላይ ነበረች። እንዲያውም ትንሽ ወደ ታች ወረደች። ጥሩ ነው፣ አዲሱ ሞተር አይሞቅም ማለት ነው አልኩ።

ከዚያ ባለቤቴ፣ «ጣፋጭ ነገር ይሸተኛል» አለች።

መካኒክ የሆናችሁ ይህን ሽታ ታውቁታላችሁ። የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ዳር ይዤ ቆምኩ። የኋላውን በር ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ራሴ የገጠምኩት አንድ የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት ላልቶ ኖሮ ውሃው መንገድ ላይ አልቋል። ሞተሩ ደርቆ እየነደደ፣ ጠቋሚዋ ግን መሃል ላይ ነበረች።

ነገሩ ቀላል ነው። የሙቀት ሰንሰሩ የሚለካው የሞተሩን ብረት አይደለም። የነካውን ውሃ ነው የሚለካው። በዚህ ሞተር ላይ ሰንሰሩ የተቀመጠው ከላይ፣ የውሃው ቧንቧ ላይ ነው። ውሃ ሲጎድል መጀመሪያ ባዶ የሚሆነው ያ ቦታ ነው። ውሃው ከሄደ ሰንሰሩ አየር ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሚያሳየው ቁጥርም ትርጉም የለውም።

ቴስታታው፣ ማለትም ፒስተኖቹን የሚከድነው ብረት፣ ጠመመ። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበላ። ልጆቼን ይዤ በመጎተቻ መኪና ወደ ቤት ተመለስኩ። ሞተሩንም መልሼ አወረድኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሞተር ቅየራ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማነሳው ስለ ፈረስ ጉልበት አይደለም። ስለ ጌጅ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ያህል ለአሮጌ መኪና ለምን ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ጥያቄው ይገባል። ቫናገን አሜሪካ ውስጥ ከ1980 እስከ 1991 ሞዴል ድረስ ተሸጣለች። የመጀመሪያዋ ቅድመ አያቷ መመረት የጀመረችው በ1950 ነው። ቀላል ቤት ናት። መሪው ፊት ጫፍ ላይ ነው፣ ሞተሩ ኋላ ነው፣ መሃሉ ሙሉ በሙሉ ለሰው ነው። ጠዋት ሐይቅ ዳር ተነስተህ፣ ተንሸራታቹን በር ከፍተህ፣ ጀበናህን ምድጃው ላይ ትጥዳለህ። እኔ ልጆቼን በዚህች ቫን ውስጥ ነው አማርኛ ያስተማርኳቸው ብል አላጋነንኩም። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ሄደን ማታ ማታ ተረት እንነጋገር ነበር።

ችግሯ ሞተሯ ነው። የኔዋ ይዛ የተወለደችው 1.9 ሊትር፣ 82 የፈረስ ጉልበት ነበር። ከእሷ በፊት የነበሩት በአየር የሚቀዘቅዙት 67 ነበራቸው። የ1982ቱ ናፍጣ ደግሞ 48 ብቻ። ቤተሰብ፣ ውሃና ዕቃ ሲጫን ቫኗ ከሁለት ቶን ታልፋለች። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። ዳገቱ አናት ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል። እዚያ ስትደርስ ከ82ቱ ፈረስ ሲሶው መንገድ ላይ ቀርቷል።

በዚያ ላይ ያ የድሮ ሞተር የታወቀ በሽታ አለው። ቴስታታውና የሞተሩ ገላ የሆነው ብሎክ መካከል ውሃውን የሚይዘው የጎማ ማሸጊያ ነው። ፈሳሹ በጊዜው ካልተቀየረ፣ ወይም የማይስማማው ዓይነት ከተጨመረበት፣ አሉሚኒየሙ ጎማው በሚያርፍበት ቦታ ይበላል። ከዚያ መንጠባጠብ ይጀምራል። የኔዋ ሁለት ጊዜ ተሠርታ ለሦስተኛ ጊዜ ስታንጠባጥብ ነው ሌላ ሞተር ይሻላል ያልኩት።

ሱባሩን የመረጥኩት ለምን ይመስላችኋል? እዚህ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ቮልስ ያልነዳ ወይም ቮልስ ውስጥ ተጨናንቆ ያልሄደ ትልቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የቮልስ ሞተር ፒስተኖቹ ቆመው አይሠሩም። ሁለቱ በግራ ሁለቱ በቀኝ ተኝተው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ሞተሩ አጭርና ዝቅ ያለ ነው። የቫናገንም እንደዚያው ነው። ሱባሩም አራቱን ፒስተኖች እንዲሁ አስተኝቶ ነው የሚሠራው። ኢጄ22 የሚባለው 2.2 ሊትር ሞተር ከአልጋው ሥር ካለው ቦታ ጋር ይስማማል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ኮሎው፣ የሚዞርበት አቅጣጫም ከቫኗ ካምቢዮ ጋር አንድ ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ ሰሌዳና የሚስማማ ቮላኖ፣ ማለትም ኮሎው ጫፍ ላይ የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት፣ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ተዘጋጅተው ይሸጣሉ። ጉልበቱ በ130 እና በ137 መካከል ነው። በጣም ብዙ አይደለም፤ ለድሮው ካምቢዮ ግን ልክ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ካምቢዮውንም ለማሠራት ገንዘብ ያስቀምጥ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እስከ 1996 ሞዴል ያሉት ኢጄ22ዎች ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። ሞተሩ ይጠፋል እንጂ አይሰበርም። በረሃ መሃል ከቤተሰብ ጋር ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መግጠሙን በፍጥነት ልለፈው፤ ትዕግሥት እንጂ ምስጢር የለውም። የሱባሩ የዘይት ቋት ወደ ታች ይረዝማል። እንዳለ ከተገጠመ ድንጋይ ይመታዋል፤ ስለዚህ ማሳጠር ያስፈልጋል። ዘይቱን የሚስበውም ቱቦ አብሮ ያጥራል። የቫኗ የቤንዚን ፖምፓ ከመጀመሪያውም ለኢንጀክሽን የተሠራ ስለሆነ ግፊቱ ይበቃል። ካርቡራተር ያላት የቀድሞዋ ቫን ከሆነች ግን ፖምፓም ቱቦም መቀየር አለበት። ፍሬኑን አትርሱት። ፍጥነት ከጨመርን መቆምም አለብን።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው። የቫናገን ራዲያተር ፊት ነው፣ ሞተሩ ኋላ ነው። ውሃው በቫኗ ሆድ ሥር በረጃጅም ቧንቧዎች ሄዶ ይመለሳል። 16 ሊትር ገደማ ነው። ሱባሩ ደግሞ ራዲያተሩ ከአፍንጫው ሥር እንዲሆን ነው የተሠራው። የውሃ ቱቦዎቹ አፍ ወደ ቺንጋው በኩል ያያል፤ በቫኗ ላይ ያ ማለት ወደ ኋላ ፓራውልቱ ማለት ነው። ስለዚህ የላይኛውን ቧንቧ ቆርጦ አፉን ወደ ፊት ማዞር ይሻላል።

የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታቱም ሌላ ነው። በሱባሩ ላይ ቴርሞስታቱ ውሃው ወደ ሞተር በሚገባበት በኩል ነው ያለው። የሚከፈተው 78 ዲግሪ አካባቢ ነው። በትክክል እንዲሠራ ትንሽ የሞቀ ውሃ ከጀርባው ሁልጊዜ ሊያልፍበት ይገባል። ያንን ቱቦ «ምን ይሠራል» ብሎ የዘጋ ሰው ሞተሩ ፈልቶ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ ራዲያተር ይቀይራል፣ ፖምፓ ይቀይራል። ችግሩ ያለው ግን ጣት በምታክል ቱቦ ውስጥ ነው።

ከዚያ አየሩን ማስወጣት አለ። የቫኗን ፊት በክሪክ ከፍ ታደርጋለህ። ራዲያተሩ አናት ላይ ያለችውን ቡሎን ታላላለህ። ሞተሩን በ2,000 ዙር ይዘህ ውሃ ትጨምራለህ። አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፤ አትቸኩሉ።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን ያውቁታል፤ አዲስ አበባ ላይ ባቄላ ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል። ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ዋሻው ጋ ደግሞ ወደ 89 ይወርዳል። ሞተሩ ግን በጤናውም 90 እና ከዚያ በላይ ይሠራል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የያዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካረጀ፣ ወይም አንድ ቱቦ ከላላ፣ ግፊቱ ይሄዳል፣ ውሃው ወዲያው ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው የሚያመልጠው ስህተት ተራራ ላይ አያመልጥም።

አሁን ወደ ጌጁ ልመለስ። ሥራውን አዲስ አበባ ሳለሁ በልጅነቴ ነው የተማርኩት። ለአንድ ትልቅ የቮልስ መካኒክ መፍቻ አቀብል ነበር። ጋሼ ነበር የምንለው። ቮልስ ክሩስኮቶ ላይ ምን አለ? ኮንታኪሎሜትር፣ የቤንዚን ጌጅ፣ ሁለት ሦስት መብራት። የሙቀት ጌጅ የላትም። ጋሼ ጌጅ አያስፈልገውም ነበር። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ሦስተኛው ቫልቭ ጠብቋል» ይላል። ስንከፍተው እንዳለው ነው። እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። ሞተር በጆሮ ይታወቃል ብዬ አምን ነበር።

ዳገቱ ላይ የቀጣኝ ይህ እምነቴ ነው። ይህ ሞተር ጸጥ ያለ ነው። ከኔ ሦስት ሜትር ገደማ ርቆ፣ ክዳን ተደፍቶበት፣ ድምፅ መከላከያ ለብሶ፣ ፍራሽ ተነጥፎበት ነው ያለው። ኮምፒውተሩም የሚጎድለውን እየሞላ ሕመሙን ይሸፍናል። ጆሮዬ ምንም ሊነግረኝ አይችልም። ስለዚህ ጋሼ በጆሮው የሚሠራውን ሥራ አሁን ጌጁ ነው የሚሠራልኝ። የተረፈ ሽቦ ጋር ተያይዞ እንደነገሩ የሚገጠም ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛ ጊዜ ስሠራት ከጌጁ ጀመርኩ። የድሮውን ክሩስኮቶ አልጣልኩትም። መልኩን እወደዋለሁ። ግን ከጀርባው ያለውን ሁሉ ፈተሽኩ። ቫናገን ከጌጆቹ ጀርባ የተለመደ ሽቦ የላትም። እንደ ወረቀት የሳሳ ፕላስቲክ ላይ የታተሙ የመዳብ መስመሮች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ይሰነጠቃሉ። ጌጆቹ ደግሞ በ12 ቮልት አይሠሩም፤ አንዲት ትንሽ ዕቃ ወደ 10 ቮልት ታወርድላቸዋለች። እሷ ስትደክም የቤንዚኑም የሙቀቱም ጠቋሚ አብረው ይዋዥቃሉ። ሁለት ጌጅ አንድ ላይ ሲያብድ ሰንሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት እሷንና የኔጌቲቩን ሽቦ እዩ።

ከዚያ የውሃ መጠን ማስጠንቀቂያውን መለስኩ። ቫናገን ስትሠራ ይህ ነገር ነበራት። የውሃ ጋኗ ውስጥ ያለች ሰንሰር ውሃ ሲጎድል ሙቀት ጌጁ ላይ ቀይ መብራት ታብለጨልጫለች። ሞተሩን ስቀይር ያንን ሽቦ ሳላገናኝ ትቼው ነበር። አያስፈልግም ብዬ ነው። ያቺ መብራት ብትኖር ኖሮ ውሃው ሲጎድል፣ ገና ሞተሩ ሳይጎዳ፣ አይታ ትነግረኝ ነበር። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህቺን ሽቦ ያዙልኝ።

የሙቀቱን ጌጅም በቁጥር የሚያሳይ አደረግኩት። የድሮው ጌጅ ቁጥር የለውም። መሃል ማለት 85 ይሁን 100 አታውቅም። አሁን አንድ 52 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ጌጅ ከራዲዮው አጠገብ አለችኝ። ሌላ ሰንሰር ደግሞ ቴስታታው ላይ ካለ ቡሎን ሥር አሰርኩ። እሱ የሚለካው ብረቱን ነው። ውሃ ኖረም አልኖረም እውነቱን ይናገራል። ሁለቱ ቁጥሮች ሲራራቁ የሆነ ነገር እየመጣ ነው ማለት ነው።

የዘይት ግፊት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሱባሩ ሰንሰር የሚገባበት ጥርስ የእንግሊዝ ልክ ነው፤ በኢንች 28 ጥርስ። እዚህ ሱቅ የምትገዛው ጌጅ ደግሞ የአሜሪካ ልክ ነው፤ 27 ጥርስ። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባል። ከዚያ በመፍቻ ያስገደደ ሰው ዘይት የሚያፈስ፣ አንዳንዴም የተሰነጠቀ የሰንሰር ማስገቢያ ያገኛል። ማስማሚያዋ የጥቂት ዶላር ዕቃ ናት። ግፊቱን ስታነቡ ደግሞ ለየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ የሚጻፈው የግፊት መለኪያ) የሚለውን የድሮ ደንብ ያዙ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማለቴ ነው።

ኮንታኪሎሜትሩ የሚያስገርም ነው። የቫናገን ፍጥነት የሚለካው ከካምቢዮው አይደለም። ከግራ የፊት ጎማ መሃል የሚነሳ ኬብል ነው የሚያዞረው። የሱባሩ ኮምፒውተር ደግሞ ፍጥነቱን በኤሌክትሪክ ምልክት ማወቅ ይፈልጋል። ካላወቀ ቼክ ኢንጅን ያበራል፤ መብራት ላይ ስትቆምም ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ኬብሉ መሃል ላይ የምትገባ ትንሽ ሰንሰር ሁለቱን ታስታርቃለች። ጠቋሚው እንደ ድሮው ይዞራል፣ ኮምፒውተሩም የሚፈልገውን ያገኛል። ይህንን ሳስተካክል በጣም ነው ደስ ያለኝ። የ1985 ኬብልና የ1996 ኮምፒውተር አንድ ቋንቋ ተነጋገሩ።

በነገራችን ላይ የ1996 ሞተር የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ኮምፒውተር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት አለው። ርካሽ ማንበቢያ ሰክተህ ሞተሩ የሚያስበውን ሁሉ ስልክህ ላይ ታያለህ። ያንን ሶኬት ከመሪው ሥር ገጥሜዋለሁ።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልበል። ወደ ካሊፎርኒያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ እዚያ የሚገባው ሞተር የመኪናው ሞዴል ዓመት ወይም ከእሱ በኋላ የተሠራ መሆን አለበት። የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቹም ሙሉ ሆነው በመንግሥት መርማሪ ይታያሉ። ስለዚህ ከሞተሩ ጋር የመጣ ሰንሰርና ቱቦ አትጣሉ። ሞተሩ የመጣበትን መኪና ወረቀትም አስቀምጡ።

ከመሃላችሁ አንድ ወንድም ቅድም፣ «አገር ቤት ላለው ቮልሴ ይሆናል ወይ» ብሎ ጠይቆኛል። ይሆናል፤ ሰዎች ይሠሩታል። ግን ቮልስ ራዲያተር የላትም። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ስታስገባ ራዲያተር፣ ቧንቧ፣ ማራገቢያ ሁሉ ከባዶ መሥራት ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ለቮልስ የራሷን ሞተር በደንብ ማደስ ይሻላል። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር መጻፉንም አትርሳ፤ ከመቀየርህ በፊት ወረቀቱን ጠይቅ። ለሷ የምመክርህ አንድ ነገር ቢኖር የዘይት ሙቀት ጌጅ ነው። ጋሼ ቢሰማኝ ቅር ይለው ይሆናል፤ ግን የጋሼ ጆሮ ሁላችንም የለንም።

ባለፈው መስከረም ያንን ዳገት እንደገና ወጣነው። በሦስተኛ ማርሽ ነው፣ እንደዚያ ቀኑ። ትልቋ ልጄ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ፊት ተቀምጣ ቁጥሩን የማንበብ ሥራ የሷ ሆነ። «ውሃ 91፣ ብረት 97» ትላለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ውሃ 94፣ ብረት 101»። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ውሃው 96 ነበር። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁል ስንጀምር፣ «አባዬ፣ መውረድ ጀመረ፣ 90» አለችኝ። ኋላ ያለው ታናሽ ወንድሟ ተኝቶ ነበር።

ቫኗ ውጪ፣ ከበሩ በስተግራ ቆማለች። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ መጥቶ ማየት የሚፈልግ ካለ የኋላውን ክዳን እከፍትላችኋለሁ። ልጄም አብራኝ መጥታለች፤ ስለ ጌጆቹ እሷን ጠይቋት።